ውሃው በየት ይወጣል? የአዲስ ሰፈር መንገድ፣ የጎርፍ መውረጃና ክፍት ቦታ አስተቃቀድ

የዛሬ ጥቂት ዓመት፣ በሐምሌ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሳሎኔ ውስጥ በባዶ እግሬ ቆሜ ውሃ በጆግ እየቀዳሁ በመስኮት እደፋ ነበር። ባለቤቴ ምንጣፉን ጠቅልላ ሶፋው ላይ ጭናዋለች። ልጆቹ አልጋ ላይ ቁጭ ብለው ያዩናል። ከጎረቤትም የባልዲ ድምፅ ይሰማል። ቤታችን በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳር በማኅበር የተሠራ ነው። ቤቱ ምንም አልጎደለውም። ጣሪያው አያፈስም፤ ግድግዳው አልተሰነጠቀም። ጎርፉ የገባው በበር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤቶቹ ካለቁ በኋላ መንገዱ መጣ። ገረጋንቲ ተደፋ፤ ግሬደር ደለደለው፤ ሩሎ ጠቀጠቀው፤ ኮብልስቶን ተነጠፈ። ሁላችንም ደስ አለን። ሥራው ሲያልቅ ግን መንገዱ ከግቢያችን በር 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነበር። ማንም አስቀድሞ አልለካም። ሙያዬ ሲቪል ምህንድስና ነው፤ እኔም አልለካሁም።

ከዚያ ወዲህ የቤት ማኅበር ኮሚቴዎች ፕላናቸውን ይዘው ሲመጡ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፤ ውሃው በየት ይወጣል? ብዙ ጊዜ የሚያሳዩኝ የቦታ ሽንሸና ነው። ቤት ቁጥር 1፣ ቤት ቁጥር 2 እያለ ይቀጥላል። መንገዱ በቤቶቹ መሀል የተረፈ ቀጭን ክር ነው። ክፍት ቦታው ቤት የማይወጣው ጥግ ነው። ውሃው ወረቀቱ ላይ ጭራሽ የለም። እዚህ ቅደም ተከተሉን እንገለብጠዋለን። መጀመሪያ ውሃ፣ ከውሃው ጋር አብሮ ክፍት ቦታ፣ ቀጥሎ መንገድ፣ መጨረሻ ላይ ቤት።

የምጽፈው ለማኅበር ኮሚቴዎች፣ ለትንንሽ አልሚዎችና ሥራ ለጀመሩ ወጣት መሐንዲሶች ነው። የመጨረሻውን ንድፍ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሠራዋል። ባለሙያውን ምን እንደምትጠይቁት ማወቅ ግን የእናንተ ድርሻ ነው።

መጀመሪያ በእግር፣ በክረምት

ቦታውን በጥር አይታችሁ አታቅዱ። በጥር ሁሉም መሬት ደህና ይመስላል። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። አብዛኛው የሚጥለው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ያይላል። ስለዚህ በሐምሌ ወይም በነሐሴ፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ ቦት ጫማ አድርጋችሁ ሂዱ። ውሃው የሚገባበትን፣ የሚሮጥበትንና የሚተኛበትን በስልክ ቅረጹ። ከላይኛው ሰፈር በስንት ቦታ ይገባል? በታችኛው ወሰን በስንት ቦታ ይወጣል? ከወጣ በኋላስ የማን ግቢ ውስጥ ነው የሚገባው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በኋላ ፍርድ ቤት ሊያደርሳችሁ የሚችል ነውና አትዝለሉት።

ክረምቱ ካመለጣችሁ መሬቱ ራሱ ይናገራል። ቀጠማ የበቀለበት፣ ሌላው ሣር ደርቆ እሱ ብቻ የለመለመበት ቦታ ሥሩ እርጥብ ነው። የሽቦ አጥር ካለ ጎንበስ ብላችሁ እዩት። ሽቦው ላይ የተጠላለፈው ጭራሮና ፌስታል ባለፈው ክረምት ጎርፉ የደረሰበትን ከፍታ ያሳያል። ከመሬት እስከ ጭራሮው በሜትር ለኩና ጻፉት። በጣም ርካሹ የጎርፍ መለኪያ እሱ ነው።

ቀጥሎ በአካባቢው ያረሱ ሰዎችን ጠይቁ። "ጎርፍ አለ ወይ?" ብላችሁ አትጀምሩ። "ሽምብራና ጓያ የት ነበር የምትዘሩት?" በሉ። በጥቁር አፈር አገር ሽምብራና ጓያ የሚዘራው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ መሬቱ በያዘው እርጥበት ነው። ክረምቱን ሙሉ ውሃ የተኛበት ማሳ ለዚህ ይመቻል። ስለዚህ የሽምብራው ማሳ በእናንተ ፕላን ላይ ቤት መሆን የለበትም። አንድ ጊዜ አንድ አባት መሬቱን በዱላቸው እየነኩ "ልጄ፣ እዚህ ጋ በነሐሴ በሬ አይገባም" አሉኝ። ፕላኑን ዘርግቼ ሳየው ቦታው የሕፃናት መዋያ ተብሎ ተይዟል።

የቦታ ስሞችንም አትናቁ። በከተማዋ ዳርቻ ያሉት ስሞች አብዛኞቹ ኦሮምኛ ናቸው፤ ብዙዎቹም ስለ ውሃና ስለ መሬት ይናገራሉ። ለገ ወንዝ ነው፤ ለገጣፎና ለገዳዲ ላይ እንደምናየው። ቡርቃ ምንጭ ነው። ጨፌ ረግረጋማ መስክ ነው። መልካ የወንዝ መሻገሪያ ነው። ቱሉ ኮረብታ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ሲባል ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ኦሮምኛ የሚችል ሰው ይዛችሁ የየጉድባውንና የየሜዳውን ስም ጠይቁ። "ቡርቃ" የሚባል ጥግ ካለ፣ መሠረት ሲቆፈር ምን እንደሚመጣ ከአሁኑ አወቃችሁ።

ወረቀቱና ልኬቱ

አሁን ወደ ክፍለ ከተማው የፕላን ቢሮ ሂዱ። የምትጠይቁት የአካባቢ ልማት ፕላኑን ነው። ሰዎች በአጭሩ ኤልዲፒ ይሉታል። የከተማ ፕላን አዋጁ ቁጥር 574/2000 ነው። የሊዝ ውላችሁን ደግሞ ከሊዝ አዋጁ ጋር አስተያዩ። የግንባታ አዋጁንም እዩ። ፕሮጀክታችሁ ሰፊ ከሆነ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጁ ይመለከታችሁ እንደሆነ ከመጀመሪያው አጣሩ። ወንዝ ወይም ጅረት የሚያዋስናችሁ ከሆነ፣ ከዳርቻው ስንት ሜትር ሳይነካ እንደሚቀር በጽሑፍ ያዙ። በቃል የተነገረ ነገር ሰውየው ሲቀየር አብሮ ይቀየራል።

በ2009 ዓ.ም. ተግባራዊ መሆን የጀመረው የከተማዋ መዋቅራዊ ፕላን መሬቱን 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 40 በመቶ ለሕንፃ ብሎ ያያል። ይህ በከተማ ደረጃ የተቀመጠ ነው። ለእናንተም ጥሩ መነሻ ይሆናል። 5 ሄክታር ካላችሁ 1.5 ሄክታር መንገድ፣ 1.5 ሄክታር ክፍት ቦታ፣ 2 ሄክታር ሕንፃ ማለት ነው። የኮሚቴ አባላት ይህን ሲሰሙ "መሬታችን አለቀ" ይላሉ። ቆይታችሁ ስሌቱን ስታዩ፣ ያ 30 በመቶ ክፍት ቦታ ቤታችሁን ከጎርፍ የሚያድን ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ሰው የሚረሳው አንድ ጥያቄ አለ። የሚያዋስናችሁን መንገድ ስፋት ሁሉም ይጠይቃል። ከፍታውን የሚጠይቅ ግን የለም። መንገዱ ገና ያልተሠራ ቢሆንም ንድፍ ሊኖረው ይችላል። "የመንገዱ የመጨረሻ ከፍታ ስንት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ንድፉ ከሌለ ቢያንስ ከዛሬው መሬት ከግማሽ ሜትር በላይ ከፍ ሊል እንደሚችል ገምታችሁ ሥሩ። የእኔን ሳሎን ያጥለቀለቀው የዚህ ጥያቄ አለመጠየቅ ነው።

ሰርቬየሩን ስትቀጥሩ "ወሰኑን ለካልኝ" አትበሉት። በየግማሽ ሜትሩ ከፍታ የኮንቱር መስመር፣ ማለትም እኩል ከፍታ ያላቸውን ነጥቦች የሚያገናኝ መስመር፣ ያለው ካርታ ያውጣላችሁ። ልኬቱ ከወሰናችሁ ውጭ፣ ወደ ላይኛውም ወደ ታችኛውም ጎን፣ ከ50 እስከ 100 ሜትር ይሂድ። ነባር ቱቦዎች፣ ዲቾች (የጎርፍ መውረጃ ቦዮች)፣ ከልቨርቶች (ከመንገድ ሥር ውሃ የሚያሳልፉ) እና የጎረቤት በሮች ከነከፍታቸው ይግቡ። ሁለት ሦስት ቤንች ማርክ፣ ማለትም ከፍታው የታወቀ ቋሚ ምልክት፣ በኮንክሪት ተክሎ ይሂድ። ከሦስት ዓመት በኋላ ኮንትራክተር ሲመጣ የምትከራከሩት በእነሱ ነው።

አፈሩንም ቆፍራችሁ እዩ። ከአያት እስከ ቦሌ አራብሳ፣ ከኮዬ ፈጬ እስከ አቃቂ ድረስ ሰፊ ቦታ ጥቁር አፈር ነው፤ መረሬ የሚባለው። ሲረጥብ ያብጣል። ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በየአቅጣጫው ከ2 እስከ 3 ሜትር ጥልቀት ያላቸው ጉድጓዶች አስቆፍሩና የጥቁሩን አፈር ውፍረት መዝግቡ። የመንገዱን በጀት የሚወስነው ይህ ቁጥር ነው።

የውሃውን መንገድ መሳልና ማስላት

የኮንቱር ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። በሰማያዊ እርሳስ ከከፍታ ወደ ዝቅታ ኮንቱሮቹን በቀጥታ እየቆረጣችሁ ቀስት ሳሉ። ቀስቶቹ የሚሰበሰቡበት መስመር የውሃው አውራ ጎዳና ነው። የሚለያዩበት ከፍ ያለው መስመር የመሬቱ ጀርባ ነው። የመጨረሻው ቀስት ከቦታችሁ የሚወጣበት ነጥብ ላይ ቀይ ክብ አድርጉ። ከቀዩ ክብ በታች ውሃውን የሚቀበል ወንዝ፣ የከተማ ዲች ወይም ከልቨርት ከሌለ፣ ከዚህ አልፋችሁ አንድ ቤት እንኳን አትሳሉ። መውጫ የሌለው ፕላን ገንዳ ነው።

አቀማመጣችንን አስታውሱ። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አቃቂ 2,100 ሜትር ገደማ ነው። ከተማው በሙሉ ወደ ደቡብ ያዘነብላል፤ ውሃውም በትልቁና በትንሹ አቃቂ ወንዝ ይወርዳል። ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ ላይ የምትሠሩ ከሆነ የራሳችሁን ዝናብ ብቻ አይደለም የምትቀበሉት። ከበላያችሁ ያለው ሰፈር ቆርቆሮና ኮብልስቶን በጨመረ ቁጥር የእናንተ ጎርፍ ይጨምራል።

አሁን ቁጥር እናስገባ። ለትንሽ ሰፈር የሚያገለግል ቀላል ቀመር አለ። ውሃ የሚሰበስበውን መሬት ስፋት በሄክታር፣ የዝናቡን ኃይል በሰዓት ሚሊ ሜትር፣ መሬቱ የማያሰርገውን ድርሻ ከ0 እስከ 1 ባለ ቁጥር ታባዛላችሁ። ውጤቱን ለ360 ታካፍላላችሁ። የሚገኘው በሰከንድ ሜትር ኪዩብ ነው።

5 ሄክታር ይሁን። ለምሳሌ ያህል የዝናቡን ኃይል በሰዓት 80 ሚሊ ሜትር እንያዝ፤ ትክክለኛውን ቁጥር መሐንዲሱ ከአካባቢው የዝናብ ሰንጠረዥ ያወጣል። መሬቱ ሣር እያለ የሚፈሰው ድርሻ 0.3 ገደማ ይሁን። 0.3 በ80 በ5፣ ሲካፈል ለ360፣ ወደ 0.33 ይመጣል። ቤትና መንገድ ሲሞላበት ድርሻው 0.75 ይሆናል እንበል። ያኔ 0.83 ነው። ያው መሬት፣ ያው ዝናብ፤ ጎርፉ ግን ሁለት ተኩል እጥፍ ሆነ።

ይህን ከዲች ጋር አስተያዩት። ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ የድንጋይ ግንብ ዲች፣ በ100 ሜትር 1 ሜትር እየወረደ፣ ውሃው 50 ሴንቲ ሜትር ሲሞላ፣ በሰከንድ 0.39 ሜትር ኪዩብ ገደማ ያሳልፋል። ለሣሩ ዘመን ይበቃ ነበር፤ ለቤቶቹ ዘመን ግን ግማሹን እንኳን አይችልም። 80 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ውሃው 70 ሴንቲ ሜትር ሲሞላ፣ ወደ 0.9 ያሳልፋል። በ20 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ከሁለት እጥፍ በላይ! "ዲቹን ትንሽ እናጥብበውና ብር እንቆጥብ" የሚል ሰው ሲነሳ ይህን ስሌት አሳዩት።

ክፍት ቦታው ውሃም ይይዛል

ዲቹን ከማስፋት ሌላ መንገድ አለ። ጎርፉን ለትንሽ ጊዜ አቆይቶ በዝግታ መልቀቅ። ታችኛው ዲች ወይም ከልቨርት ጠባብ ከሆነ ደግሞ ያላችሁ አማራጭ ይሄው ነው።

በምሳሌያችን ልዩነቱ በሰከንድ 0.5 ሜትር ኪዩብ ነው። ኃይለኛው ዝናብ 20 ደቂቃ ቆየ እንበል፤ 1,200 ሰከንድ ማለት ነው። ሲባዛ 600 ሜትር ኪዩብ ይሆናል። ይህን የት እናስቀምጠው? 40 ሜትር በ30 ሜትር የሆነ የልጆች ኳስ ሜዳ 1,200 ካሬ ነው። ሜዳውን ከአካባቢው መሬት ግማሽ ሜትር ዝቅ ብታደርጉት ልክ 600 ሜትር ኪዩብ ይይዛል። ሻካራ ስሌት ነው፤ ሐሳቡን ግን በደንብ ያሳያል። በበጋ ልጆች ይጫወቱበታል። በሐምሌ ሲዘንብ ጥቂት ሰዓት ውሃ ይይዝና ይለቀዋል።

ይህን ስትሠሩ ጥንቃቄ አለው። ጥቁር አፈር ውሃ አያሰርግም፤ ስለዚህ ሜዳው የግድ በታችኛው ጥግ መውጫ ቱቦ ይፈልጋል። ቱቦው የሚለቀው መጠን ሣሩ እያለ ይወርድ የነበረውን ያህል እንዲሆን ይሰላ። ከእሱ በላይ ደግሞ ሜዳው ከሞላ የሚተርፈው የሚፈስበት፣ ወደ ዲች የሚመራ ዝቅ ያለ ጠርዝ ይኑር። ዳርና ዳሩ ቁልቁል ግድግዳ አይሁን። አራት ሜትር ሄዶ አንድ ሜትር የሚወርድ ገር ዳገት ይሁን፤ ሕፃን ቢገባ ራሱ ይወጣል። ጥልቀቱን ከግማሽ ሜትር አታሳልፉ። የመጸዳጃ ፍሳሽ በምንም ምክንያት ከዚህ ጋር አይገናኝ።

ቦታውን የት እናድርገው? ውሃው ወደሚሰበሰብበት፣ የሽምብራው ማሳ ወደነበረበት። ለቤት መጥፎ የሆነው መሬት ለሜዳ ጥሩ ነው። ግን ደግሞ ከሁሉም ቤት በእግር አምስት ደቂቃ ውስጥ የሚደረስ፣ ከብዙ መስኮት የሚታይ ይሁን። ሰው የማያየው ክፍት ቦታ ቆሻሻ መጣያ ይሆናል። በየጥጉ አምስት ትንንሽ አረንጓዴ ከመበተን አንድ ትልቅና ሁለት አነስተኛ ይሻላል። በትንንሾቹ ላይ ኳስ አይመታም፤ ድንኳን አይተከልም።

ድንኳን ስል በቁም ነገር ነው። ሰፈር ሲመሠረት እድር ይመሠረታል። ሰው ይሞታል፤ ይሞሸራል። ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ያላሰበ ፕላን ለቅሶን መንገድ ላይ ያወጣዋል፤ አምቡላንስም መኪናም አያልፍም። ስለዚህ ከሜዳው አጠገብ፣ ውሃ ከማይደርስበት ከፍ ካለው ጎን፣ ኮብልስቶን ወይም ጠጠር የለበሰ ቢያንስ 10 ሜትር በ20 ሜትር ቦታ ተዉ። የውሃ ቧንቧና የመብራት መስመር ይድረሰው። የእድሩ ዕቃ ቤትም እዚያው ይሁን። ለመስቀል ደመራም ያው ቦታ ይሆናል። የበዓል በግ የሚታረድበት ጥግ ደግሞ ውሃና የፍሳሽ ጉድጓድ ይኑረው። ኮንዶሚኒየሞቹ ላይ ለዕርድና ለልብስ ማጠቢያ የጋራ ሕንፃ ተብሎ የታሰበው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሐሳቡ ትክክል ነበር።

ዛፍ ስትመርጡ በጥቁር አፈር ላይ ትልቅ ዛፍ ከቤት መሠረት ርቆ ይተከል። ሥሩ እርጥበቱን ሲመጥ አፈሩ ይኮማተራል፤ መሠረቱም ይንቀሳቀሳል። ባሕር ዛፍ ሰፈር ውስጥ አታስገቡ። ግራር፣ ወይራ፣ ጥድ እንደ ቦታው ይሆናሉ። ዋርካና ሾላ ደግሞ ሰፊ መሬት ካላችሁ ብቻ፤ ካላችሁ ግን አንድ ትከሉ፤ ጥላው ለልጅ ልጆቻችሁ ይተርፋል።

መንገዱ

አሁን ነው ወደ መንገድ የምንመጣው። ውሃው የት እንደሚሄድ ስላወቅን ሥራው ቀሏል።

ዋናውን የሰፈር መንገድ በጀርባው፣ ማለትም ቀስቶቹ በሚለያዩበት መስመር ላይ ወይም ከእሱ አጠገብ አድርጉ። ደረቅ ይሆናል፤ ወደ ሁለቱም ጎን ያፈሳል። ትንንሾቹ መንገዶች ከእሱ ወጥተው ወደ ታች ይውረዱ፤ ዲቻቸውም አብሮ ይውረድ። መንገድን በውሃው መሰብሰቢያ መስመር ላይ ካደረጋችሁት መንገዱ ራሱ ወንዝ ይሆናል። ዳገቱ ከ10 በመቶ በላይ እንዳይሆን ሞክሩ፤ የአሸዋ መኪናም፣ በእርጥብ ኮብልስቶን ላይ የምትወጣ እናትም ይቸገራሉ። ጭራሽ ሜዳ መንገድም ጥሩ አይደለም። ቢያንስ በ100 ሜትር ግማሽ ሜትር ይውረድ፤ አለዚያ ዲቹ ደለል ይዞ ይሞላል።

ስፋቱን የሚወስነው የአካባቢ ልማት ፕላኑ ነው። ለናንተ የተተወው የውስጥ መንገድ ከሆነ እኔ 10 ሜትር ከአጥር እስከ አጥር እመክራለሁ። 6 ሜትር ለመኪና፤ በግራና በቀኝ 2 ሜትር 2 ሜትር። የ80 ሴንቲ ሜትር ዲች ግንቡን ሲጨምር 1 ሜትር ከ60 ይወስዳል። ክዳኑ የእግረኛ መንገድ ይሆናል። ከዚህ ብታጠቡ የእሳት አደጋ መኪናው፣ የውሃ ቦቴውና የሽንት ቤት መጣጩ መኪና ተራ ይጠባበቃሉ። መግቢያው አንድ ብቻ አይሁን፤ ቢያንስ ሁለት ይሁን። መጨረሻው የተዘጋ መንገድ ካለ መኪና ዞሮ የሚወጣበት ቦታ ይኑረው። መታጠፊያዎች ላይ የቤት አጥር ሹል ጥግ ይዞ እንዳይወጣ፣ ፕላኑ ላይ ጥጎቹን በሰያፍ ቁረጧቸው።

ጥቁሩ አፈር ላይ መንገዱን በቀጥታ አትጣሉ። ብዙ ጊዜ ከ60 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ቆርጦ አውጥቶ በሰሌክት ማቴሪያል (ተመርጦ በሚመጣ የሙሌት አፈር) መሙላት፣ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ገደማ ውሃ እያጠጡ መጠቅጠቅ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው ወጥመድ አለ። በሰሌክት የተሞላው ቦይ በዙሪያው ውሃ በማያሳልፍ ጥቁር አፈር የተከበበ ነው። በኮብልስቶኑ መገጣጠሚያ የገባው ውሃ ሰሌክቱ ውስጥ ይወርድና መውጫ ያጣል። ሥሩ ገንዳ ይሆናል። ሁለት ክረምት ሲያልፍ መንገዱ መሀል ላይ ይሰምጣል፤ ሰዉም ኮብልስቶኑን ይወቅሳል። መፍትሔው የዲቹን ወለል ከሰሌክቱ ወለል በታች ማውረድና በግንቡ ላይ በየሁለት ሜትሩ የውሃ መውጫ ቀዳዳ መተው ነው። ቀዳዳው በጀርባው በጠጠር ይሸፈን፤ አፈር እንዳይደፍነው።

ተቆርጦ የወጣውን ጥቁር አፈር አትጣሉት። ለአትክልቱ ይጠቅማል። ክፍት ቦታው ጥግ ላይ ይከመር።

የመንገዱ ገጽ ከመሀል ወደ ዳር ያዘንብል። ለኮብልስቶን በሜትር 3 ሴንቲ ሜትር ጥሩ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ሕግ በቃለ ጉባኤ ይጽደቅ፦ የእያንዳንዱ ቤት ወለል ከፊቱ ካለው የተጠናቀቀ መንገድ መሀል ቢያንስ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። የእያንዳንዱ ቤት ቁጥርና የወለል ከፍታ በአንድ ሠንጠረዥ ተጽፎ የማኅበሩ ማኅተም ይደረግበት። ከመንገዱ በታች ያለ ቦታ የደረሰው አባል ካለ፣ የግቢው ውሃ ከኋላው የሚወጣበት የጋራ መስመር ዕጣ ከመውጣቱ በፊት ይቀመጥለት። ዕጣው ከወጣ በኋላ በግቢዬ ውሃ ይለፍ የሚል ሰው አታገኙም።

የመጨረሻው የመንገድ ነገር ባዶ ቱቦ ነው። ኮብልስቶኑ ከመነጠፉ በፊት በየመጋጠሚያው ከመንገዱ ሥር ተሻጋሪ የፕላስቲክ ቱቦዎች ቅበሩ። ለውሃ፣ ለመብራት፣ ለስልክና ለኢንተርኔት። ጫፋቸውን ድፈኑና ቦታቸውን ካርታ ላይ ምልክት አድርጉ። ዋጋቸው ትንሽ ነው። የተነጠፈ መንገድ በየዓመቱ ሲቆፈር ማየት ግን ያንገበግባል።

ዲቹን በደንብ

የጎርፉ ዲችና የመጸዳጃው ፍሳሽ ለየብቻ ናቸው። ይህን የሚጥስ አባል ቅጣቱ በመተዳደሪያ ደንቡ ይጻፍ። አንድ ሰው ሴፕቲክ ታንኩን በስውር ከዲቹ ጋር ካገናኘ የሚሸተው ለሁሉም ነው። ወንዙም የታችኛው ሰፈር ልጆች የሚጫወቱበት ነው።

ክዳኑ ሁለት ሰው የሚያነሳው መጠን ይኑረው። ሰው የማያነሳው ክዳን አይጸዳም። ብረት መያዣው ወደ ውጭ ወጥቶ ሰው እንዳያደናቅፍ ገባ ብሎ ይቀመጥ። ክፍት ዲች ትምህርት ቤትና ሱቅ አካባቢ አይቅር። መንገድ በሚሻገርበት ቦታ ሁሉ ከመግቢያው ፊት ደለል የሚቀመጥበት ጉድጓድ ይሠራ፤ ወለሉ ከቱቦው በ30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። አሸዋው ቱቦው ውስጥ ከሚቆም እዚያ ይቁም፤ በአካፋ ይወጣል። ውሃው ወንዝ ውስጥ በሚገባበት ጫፍ ደግሞ ትላልቅ ድንጋይ ደልድሉ፤ አለዚያ ወንዙ ዳር እየተናደ ወደ እናንተ ይመጣል።

ሥራው ሲጀመር

ከታች ወደ ላይ ሥሩ። መጀመሪያ መውጫው፣ ቀጥሎ ዋናው ዲች፣ ቀጥሎ ዝቅ ያለው ሜዳ፣ ከዚያ መንገዱ ሰሌክት እስኪሞላ። ቤቶቹ በዚህ ላይ ይሠሩ። ኮብልስቶኑ የመጨረሻ ነው፤ የአሸዋና የብረት መኪኖች ከተመላለሱ በኋላ። ጥቁር አፈር ላይ የቁፋሮ ሥራ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ይጠናቀቅ። በሰኔ የተከፈተ ቦይ በሐምሌ ኩሬ ነው።

በግንባታው ጊዜ አሸዋ ዲች ላይ የሚያፈስ አባል ይኖራል፤ ሁልጊዜ አለ። የሚያጸዳው ራሱ መሆኑን ከአሁኑ ተስማሙ።

ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ፈትሹ። አንድ የውሃ ቦቴ ጥሩና ከሰፈሩ ከፍተኛ ቦታ ላይ ዲቹ ውስጥ ይልቀቀው። ኮሚቴው ከውሃው ጋር እየተራመደ ይውረድ። ውሃው የቆመበትን፣ ወደ ኋላ የተመለሰበትን፣ ከክዳኑ ሥር የወጣበትን በቀለም ምልክት አድርጉ። ኮንትራክተሩ ምልክት የተደረገበትን ካስተካከለ በኋላ የመጨረሻው ክፍያ ይለቀቅ። እኛ ሰፈር ዲቹን እንደገና ስናሠራ ይህን አድርገናል። ሦስት ቦታ ቆመ። ሦስቱም ተስተካከሉ።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ግንቦት ውስጥ አንድ ቅዳሜ የዲች ቀን ይሁን። ክዳኑ ይነሳ፤ ደለሉ ይዛቅ፤ የሜዳው መውጫ ቱቦ ይታይ። ለክዳን መቀየሪያ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ከወርሃዊ መዋጮ ላይ ለብቻ ይቀመጥ። የዲቹ ካርታና የወለል ከፍታ ሠንጠረዡ አንድ ኮፒ ከሊቀ መንበሩ፣ አንድ ኮፒ ከእድሩ ጸሐፊ ዘንድ ይሁን። ኮሚቴ ይቀየራል፤ እድሩ ግን ይቆያል።